ለሁሉም የሚሆን ገመድ

እኔና ሙላው የምንጨቃጨቀው በገመድ ነበር። ሰው በድንበር ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል፤ እኛ ቆቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን አራት ዓመት ሙሉ በቻርጀር ራስ ስንነታረክ ኖርን። ሁለታችንም ሞባይል ጠጋኞች ነን። እኔ ኸይረዲን እባላለሁ፤ ቁጡ ነኝ፣ ይህን ደንበኛው ሁሉ ያውቃል። ሙላው ደግሞ ዝግ ያለ ሰው ነው። አንዲት ነገር ለመናገር ሦስት ጊዜ ያስባል፣ እሱም የበለጠ ያናድደኛል።

የእኔ አቋም አጭር ናት፤ ዓለም ላይ ያለ ስልክና ታብሌት ሁሉ አንድ ዓይነት የቻርጀር ራስ ይኑረው። መሳቢያዬን ብትከፍቱት ይገባችኋል። ቀጭን ፒን፣ ወፍራም ፒን፣ ማይክሮ፣ የአይፎን፣ ደግሞ ስሙን ማንም የማያውቀው ሰፊ ጥርሳም ራስ ሁሉ ተጠላልፎ ተኝቷል። ግማሹ ስልኩ ከሞተ በኋላ የተረፈ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ከዞብል ተራራ ሥር ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ስልኩን ሊያስሞላ ይመጣል። "የዚህ ራስ የለንም" ብዬ ስመልሰው አንዳንዱ ሽማግሌ ጥፋት እንደሠራ ሰው ይቅርታ ይጠይቀኛል። እሱ ምን አጠፋ? ያጠፋው ፋብሪካው ነው። ገመዱን ለብቻው ያደረገው ሰውን አስሮ ሊገዛ ነው፤ ይህን ሺህ ጊዜ ብያለሁ።

ሙላው ግን አይስማማም። የሚሸጡ ገመዶቹን በየዓይነታቸው ሚስማር ላይ እየሰቀለ ይመልስልኛል።

"ለገንዘብ ብለው የሚያደርጉ አሉ፣ አልክድህም። ሁሉም ግን ለገንዘብ አይደለም። አንዱ አምስት ቮልት ይፈልጋል፣ አንዱ አሥራ ዘጠኝ። ራሱን የለየው የማይሆነው ቦታ እንዳይገባ ነው። አለመግባቱ እኮ ጥበቃ ነው ኸይሮ።"

"ጥበቃ? ዝርፊያ በለው!"

"አንተማ ሁሉም ነገር አንድ እንዲሆን ትፈልጋለህ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት አሉ።"

ደንበኞች ይስቁ ነበር። አንዳንዱ የእኔን ወገን ይዞ፣ አንዳንዱ የሙላውን፣ ተራው እስኪደርስ ሲከራከር ይቆያል። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ደስ ይለኝ ነበር።

የመስኖ ፕሮጀክት ባለሙያ የሆነ ቢኒያም የሚባል ልጅ አለ። ማሳ ለማሳ እየዞረ በታብሌት ካርታ ያነሳል። የታብሌቱ ቻርጀር ራስ በማግኔት የሚለጠፍ፣ አምስት ነጠብጣብ ያለበት ልዩ ራስ ነው። አንድ ቀን ይህ ራስ ተሰብሮበት መጣ። ወልድያ ጠየቅን፣ ደሴ ጠየቅን፣ የለም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ደሜ ይፈላል። የተሰበረውን ራስ ቆርጬ ጣልኩና ገመዱ ጫፍ ላይ ታይፕ ሲ ቀጠልኩለት፤ ታብሌቱንም ከፍቼ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ገጠምኩለት። ሠራ። ቢኒያም አቅፎ ሊስመኝ ምንም አልቀረው።

ሙላው ቻርጀሩን አንስቶ ከጀርባው የተጻፈውን አነበበ።

"ይሄ አሥራ ዘጠኝ ቮልት ነው የሚልከው።"

"አውቃለሁ።"

"እውነተኛው ታይፕ ሲ መጀመሪያ ስልኩን ይጠይቃል፤ ስንት ልስጥህ ይለዋል። ያንተው ሳይጠይቅ ነው የሚሰጠው። ራሱን አስመሰልከው እንጂ ጠባዩን አልሰጠኸውም። የላፕቶፕ ክብ ራስ መሳቢያህ ውስጥ ሞልቶ የለም? በሱ ቀይረው፤ ሌላ ስልክ ላይ አይገባም።"

ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑንም ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ፤ ያናደደኝም ለዚህ ይሆናል። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ ራስ ብቻ ነው ያለው" አልኩና ገመዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠምጥሜ "የታብሌት ብቻ" ብዬ ጻፍኩበት። ሙላውን ላበሽቀው ብዬ ከሌሎቹ ገመዶች ጋር እኩል ሰቀልኩት።

"ፕላስተር የቆቦን ሙቀት አይችልም" አለኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወሩ ሳያልቅ የመብራት መስመሩ ተበጠሰ። ኔትወርክም አብሮ ሄደ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል። ጣሪያችን ላይ አራት የሶላር ሰሌዳ ስላለን ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለው ሰው ስልኩን ወደኛ ያመጣ ጀመር። እኔ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለባለቤቱ እሰጣለሁ፣ ያንኑ ቁጥር ስልኩ ጀርባ ላይ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ ዲቫይደሩ ላይ ካሉት ገመዶች በአንዱ እሰካለሁ። ቢኒያምም መሥሪያ ቤቱ መብራት ስለሌለ ታብሌቱንና ቻርጀሩን እኛ ጋ ይተዋል። ዲቫይደሩ ላይ ሃያ ጥቁር ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም አንድ ራስ። በዚያ በጣም እኮራ ነበር።

ሌላም የምኮራበት ነገር ነበረኝ። የሰው ስልክ ውስጥ አልገባም። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ጠጋኝ የደንበኛን ፎቶ አይቶ ለጓደኛው አሳይቶ የአንዲት ልጅ ትዳር ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲበራ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፍቼ ነው የማስቀምጠው። ሴቶች ሙላውን ትተው እኔ ጋ የሚመጡት ለዚህ ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት እትዬ ጀዊሪያ ከዋጃ በባጃጅ መጡ። አላውቃቸውም ነበር፤ ታሪካቸውን ግን ቆቦ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ከአምስት ሳምንት በፊት ኢክራማ የሚባል ጎበዝ ከሮቢት በታች ማሽላው ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ማን እንደመታው ያየ የለም። ከመሞቱ ሳምንት በፊት ግን ከእትዬ ጀዊሪያ ልጅ ከጀሚል ጋር በጎርፍ ተጣልተው ነበር። በእኛ አገር ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በተራ ነው ወደ ማሳ የምንጠልፈው። የአንዱን ተራ ሌላው ወሰደ ተባለ፣ ዱላ ተመዘዘ፣ ሰው ገላገለ። ኢክራማ ሲሞት ጣት ሁሉ ጀሚል ላይ ተቀሰረ።

ፍርድ ቤቱ ከተዘጋ ሰንብቷል። ደሙን የያዙት ዘወልዶች ነበሩ፤ በራያ አስታራቂ ሽማግሌዎችን እንዲህ ነው የምንላቸው። ጀሚል በዚያ ሰዓት ዋጃ ሠርግ ላይ ነበርኩ ብሏል። ሠርገኛው ሁሉ ግን ዘመዱ ነው፣ የዘመድ ምስክርነት ደግሞ በደም ነገር አይቆምም። ዘወልዶቹ ጉዳዩን ለቅዳሜ ቀጠሩት። እስከዚያ ጀሚል ከቤት ላይወጣ፣ የኢክራማ ወገንም እጁን ሊይዝ ቃል ተገባ።

"ኸይረዲን ማለት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እናቴ፤ ይግቡ።"

የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ስልክ አወጡ። ጅዳ ያለች ልጃቸው የላከችላቸው ነው።

"የሠርጉ ቪዲዮ እዚች ውስጥ ነው ያለ። ሙሽሪት የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ግን የቀረጽኩ እሷን አይደለም፣ የጀሚልን ጭፈራ ነው። ሰው ስቆብኝ ነበር፣ ሙሽራ ትታ ልጇን ትቀርጻለች ብሎ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ አረንጓዴ ሽርጥ አገልድሟል። ቀኑም ሰዓቱም ከሥር ተጽፏል። በነጋታው ይቺ ዕቃ ደርቃ ጠፋች፣ ያው መብራት የለ፤ ልጄን ትቼ መውጣት ፈርቼ እስከ ዛሬ ቆየሁ።"

"ዘወልዶቹ ያውቃሉ?"

"ሸህ ዘይኑዲን 'አምጪው፣ በዓይናችን እንየው' ብለዋል። አያ አህመድም፣ የሟች አባት፣ 'ካየሁ አምናለሁ፣ ወንድሞቹንም እይዛለሁ' ብሏል በሰው ፊት። ነገ ነው። ልጄዋ፣ ይቺ ስልክ ካልበራች ጀሚል የለም ማለት ነው።"

ስልኩን ተቀበልኩ። ታይፕ ሲ ነበር። አንድ ጊዜ የቻርጅ መስጫው ተበላሽቶ በርካሽ ቅጂ እንደተቀየረ ቀዳዳውን አይቼ አወቅኩ፤ ኦሪጅናል ዕቃ ከባድ ኃይል ሲመጣበት ራሱን ይዘጋል፣ ቅጂው ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። አውቄም ዝም አልኩ፤ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ።

"አብሽሩ እናቴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ትሆናለች።"

"ስትበራ አየት አድርጋት፤ ቁልፏ አራት ጊዜ ሁለት ነው። ቪዲዮው መኖሩን አይተህ ልቤን አሳርፈኝ።"

"እኔ የሰው ስልክ ውስጥ አልገባም። ሲመጡ ራስዎ ይከፍታሉ።"

መረቁኝና ዘመድ ቤት ሄዱ። እኔም ስልኩን በደህና ገመድ ሰክቼ ፊቱን ደፋሁት።

አምስት ሰዓት ላይ በራች። ድምፅ ሰጠች፣ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠች። ሙላው ከወዲያ ሆኖ "በራች መሰለኝ፣ አታያትም?" አለኝ። "የኔ ሥራ መሙላት ነው" አልኩት። ስድስት ተኩል ሲሆን ሃያ በመቶ ደርሳ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚፈልጉት አምስት ደቂቃ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ሃያ በመቶ ተርፎ ይቀራል። እኔ ግን ሙሉ ብያለሁ። ሶላሩ አቧራ ለብሶ ነበር፣ ዲቫይደሩ ላይ የተሰካው በዝቷል፣ ቻርጁ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ሙላው የሶላሩን አቧራ ሊጠርግ ጣሪያ ላይ ወጣ።

የጁምዓ አዛን ተባለ። ውዱእ አድርጌ ልወጣ ስል የእትዬ ጀዊሪያን ስልክ እንደገና አየኋት። የያዛት ገመድ ሌላ ሁለት ስልክ ከሚመግብ ቻርጀር ላይ ነው፤ ቀርፋፋ ነው። ከጎኑ አንድ ገመድ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ብቻውን አንድ ቻርጀር የያዘ ነው፣ ፈጣን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንድትፈጥንላቸው ብዬ ነቀልኩና እሱ ላይ ሰካኋት። ያላንዳች ችግር ገባች፤ ቀጭ የሚል ድምፅ እንኳ ሰማሁ። ከዚያ ወደ መስጊድ ሮጥኩ።

ፕላስተሩ ከገመዱ ተንሸራቶ መሬት ወድቆ ነበር። ሙቀቱ ሙጫውን አቅልጦታል። ቢኒያም ታብሌቱን ጠዋት ወስዶ ቻርጀሩን ብቻ ትቶት ነበር የሄደው።

ሰግጄ ስመለስ ሙላው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስልኳን በጨርቅ ይዟታል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እስከ መንገዱ ይሸታል። ነግሬህ ነበር ቢለኝ በጠላሁት፣ በሰደብኩት፣ እፎይ ባልኩ። አላለኝም። "ና እስኪ፣ አብረን እንክፈታት" ብቻ አለኝ።

ከፈትናት። ባትሪው አብጧል። ቦርዱ ከቻርጅ መስጫው ጀምሮ እስከ መሃሉ ጠቁሯል። ቴስተር ስናስነካው ቦታው ሁሉ ይጮሃል፤ ሾርት ገብቷል ማለት ነው። ሙላው በሙቅ አየር አንዱን ክፍል አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ከሌላ የሞተ ስልክ አውጥቶ ቀየረ። እጁ እንዲህ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። ፎቶና ቪዲዮ የሚቀመጥበት ክፍል ላይ ሲደርስ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

"ተሰንጥቋል።"

"ደሴ ቢሄድስ?"

"መንገዱ ከረቡዕ ጀምሮ ዝግ ነው። ቢከፈትም፣ ኸይሮ፣ የተሰነጠቀ ይሄ አይነሳም።"

ገመዱን ከዲቫይደሩ ነቅዬ በጉጠት ከሦስት ቦታ ቆረጥኩት። ምን ይጠቅማል? ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። ሙላው ቁርጥራጩን ለቀመ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ጀዊሪያ መጡ። ፈገግ ብለው ነው የገቡት። ያን ፈገግታ አልረሳውም፤ የማልረሳውም ብዙ ስለሚያመኝ ነው። "ሞላችልኝ?" አሉ። ስትመጣም ሙት ነበረች ብል የሚያውቅብኝ ሙላው ብቻ ነው፣ እሱም አፉን አይከፍትም ነበር። ማሰቤን አልክድም። ግን ነገርኳቸው። የተሳሳተ ገመድ እንደሰካሁባት፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ምንም ማውጣት እንደማይቻል።

አልጮኹም። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"እና ጀሚልስ?" አሉ።

ሙላው ውሃ አመጣላቸው፤ ይዘውት ቆዩ እንጂ አልጠጡም። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

"በርታ ነበር ወይ? ከመቃጠሏ በፊት?"

"በርታ ነበር።"

"እንግዲያ አየሁ በል! ሠርጉን አየሁ፣ ጀሚልን አየሁ በልልኝ። አንተ ዘመዳችን አይደለህም፣ ያምኑሃል። ቆቦ ሁሉ ኸይረዲን አይዋሽም ይላል። የለበሰውን ነግሬሃለሁ። ሰዓቱ ከአስር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከጎኑ ከበሮ የያዘች ቀይ ልጅ አለች። እኔ ስስቅ ይሰማል፤ ሌላም የሚጠይቁህ ካለ አሁኑኑ ልንገርህ።"

"እናቴ፣ ያስምሉኛል እኮ።"

"ማልላ! እውነት እኮ ነው። ውሸት አድርግልኝ መቼ አልኩህ?"

ነገ እመጣለሁ አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልሰጠሁም፤ እሳቸው ግን እንደ ቃል ቆጥረውት ሄዱ።

ሙላውን ምን ላድርግ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ መለሰልኝ። "እኔ ብሆን እምል ነበር።" "አንተማ ቁርአን አትይዝ" አልኩት። "መስቀል እይዝ ነበር" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሾላ ሥር ዘወልዶቹ ተቀምጠዋል፤ መሃል ሸህ ዘይኑዲን፣ ከጎናቸው የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ ሌሎችም። በአንድ ወገን አያ አህመድና የኢክራማ ሁለት ወንድሞች፣ በሌላው የጀሚል አጎቶች። ጀሚል ራሱ አልመጣም፤ በደም የተጠረጠረ ሰው ባለደም ካለበት አይቀርብም። እትዬ ጀዊሪያ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። የተቃጠለችውን ስልክ ምንጣፉ ላይ አኖርኳት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩ። ስለ አሥራ ዘጠኝ ቮልት፣ ስለ ራሱ፣ ስለ ፕላስተሩ። ስናገር ለራሴም ተረት ይመስለኝ ነበር።

"ይገባል፣ ግን አይሆንም ነው የምትለው?" አሉ ቄሱ።

"አዎ አባቴ። እኔ ነኝ እንዲገባ ያደረግሁት።"

ከኢክራማ ወንድሞች ታላቁ ሳቀ። "አቃጥል ተብሎ ነው! ቪዲዮ ቢኖርማ ትቃጠል ነበር? አምስት ሳምንት አልተበላሸች፣ በመጨረሻዋ ቀን ተቃጠለች?"

አያ አህመድ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ያቺን አልረሳላቸውም። የልጃቸው ደም ሳይደርቅ እውነቱን ሊሰሙ የመጡ ሰው ነበሩ።

ሸህ ዘይኑዲን ቁርአኑን ከጨርቁ ፈትተው ፊቴ አደረጉ።

"ኸይረዲን፣ አባትህን አውቀዋለሁ። ስልኳ በርታ ነበር ብለሃል። ቪዲዮውን በዓይንህ አይተሃል ወይ?"

ዞሬ አላየሁም፤ ግን እትዬ ጀዊሪያ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ጀርባዬ ያውቅ ነበር።

አባቴ የሐሰት መሐላ ቤት ታፈርሳለች እያለ ነው ያሳደገኝ። የማለውን ትታ ልጁን ትይዛለች ይላል። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። እነሱን አሰብኩ። ደግሞም፣ ልዋሽ ብል እንኳ፣ ጀሚል እዚያ ቪዲዮ ውስጥ መኖሩን በምን አውቃለሁ? እናት ለልጇ ምን አትልም? እንዲህ እያልኩ ምክንያት ስደረድር ከሥሩ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ፈራሁ። ኸይረዲን አይዋሽም የሚለውን ስሜንም ሳስቼለት ነበር። በሰው ስልክ ውስጥ አለመግባቴ ለካ ከንጽሕና ይልቅ ኩራት ነበር።

"አላየሁም" አልኩ።

ከኋላ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ልቅሶም አይደለም፣ ቃልም አይደለም።

ዘወልዶቹ ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሸህ ዘይኑዲን ጉዳዩን ለአንድ ወር አሻገሩት፤ መንገዱ ሲከፈት ከሩቅ የመጡ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሠርገኞች ካሉ ይፈለጉ አሉ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ። አያ አህመድ ተቀበሉ። ዱዓ ሲደረግ ሁለቱ ወንድማማቾች ቦታቸው ላይ አልነበሩም። አያ አህመድ ባዶውን ቦታ አይተው አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ።

እትዬ ጀዊሪያ ወደ ሸሁ ቀርበው "እስኪጠራ ልጄን ማን ያኖርልኛል?" አሉ። ሽማግሌው ቁርአኑን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አላዩኝም፣ ወይም ሊያዩኝ አልፈለጉም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጎርፍ ወረደ። የእነ ጀሚል ተራ ነበር። ከቤት አትውጣ ተብሎ ሳምንታት የተቀመጠ ገበሬ ውሃው በማሳው አጠገብ ሲያልፍ ሰምቶ አልቻለም፤ አካፋውን ይዞ ወጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቦዩን ሲከፍት መቱት። ወሬውን ያመጣው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ስልኩን ሊያስሞላ መጥቶ እንደ ዋዛ ነገረን። ሙላው ተነስቶ የሱቁን በር ዘጋው።

አሁን ዲቫይደሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ገመድ በቴስተር ሳልለካ አልሰካም። ደንበኛ ይስቅብኛል። ከሙላው ጋር መጨቃጨቅ ቀርቷል። አንድ ዓይነት ራስ ይሻላል የሚለውን ዛሬም አምናለሁ፤ ግን ማመኔን ለማንም አልናገርም። ስልክ ሲበራ ፊቱን መድፋት ግን ትቻለሁ። ምን እንዳለበት ባላይም፣ ፊቱን ወደኔ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

የጀሚል ለቅሶ ቤት የሄድኩት በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። ሙላው አብሬህ ልሂድ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ዳሱ ሥር ወንዶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። እትዬ ጀዊሪያ ከቤቱ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ። አሏህ ሶብሩን ይስጥዎ ልል ነበር፣ ያ ግን አልወጣም።

"እናቴ፣ ያን ቀን መማል ነበረብኝ።"

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፣ መልሰው ቋጠሩ።

"ዛሬ ቢጠይቁኝ፣ ወላሂ፣ አይቻለሁ ብዬ እምላለሁ። ቁርአኑን ይዤ እምላለሁ።"

ቀስ ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

"ዛሬማ ማን ይጠይቅሃል ልጄ" አሉ።